ከዓይን የቀደመ ሥዕል

ከአዳማ ተነሥቶ አዋሽን በመልካሳ ተሻግሮ፣ ኢተያን፣ ጎንዴንና ቁሉምሳን እያለፈ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ፣ መንገደኛውን ከስምጥ ሸለቆ ወለል አንሥቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለው ደጋ የሚያደርስ በመሆኑ፣ ከግራር ወደ ባሕር ዛፍ፣ ከበቆሎ ወደ ስንዴና ወደ ገብስ፣ ሸሚዝ ከሚያስወልቅ ሙቀት ጋቢ ወደሚያስደርብ ብርድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሲሸጋገር ዓይን ለአንድ አፍታ እንኳ ሥራ የማይፈታበት መንገድ ነው። እንዲህም ሆኖ ሳለ፣ በዚህ መንገድ ከሚያልፉት ሀገር ጎብኚዎች ብዙዎቹ ጉዞአቸው ወደ ባሌ ተራሮች በመሆኑ አርሲን የሚያውቋት በመኪና መስኮት ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለመስኮቱ የቀረችውን ጥቂት ድርሻ በእጃቸው የያዙት ስልክ ወሰዳት። ነገ በሳነቴ አምባ ላይ እናየዋለን ብለው ተስፋ የሚያደርጉትን ቀይ ቀበሮ፣ ሌላ ሰው ቀደም ሲል አንሥቶ በኢንስታግራም በለጠፈው ፎቶግራፍ፣ ዛሬ በጭላሎ ግርጌ እያለፉ ይመለከታሉ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጭላሎም በቀኝ በግራ ሳይሉት ከኋላቸው ይቀራል።

እኔ ስልኩን ለመክሰስ አልተነሣሁም። የሩቅ ሀገር ዜና ከመንገደኛው እግር መቅደሙ ከጥንት የነበረ፣ ወደፊትም የማይቀር ነገር ነው፤ ማንም ሰው ወሬውን ያልሰማውን ሀገር ለማየት ስንቅ አይቋጥርምና። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ይኸውም፣ ይህን ሥዕል የሣለው ማን ነው፣ ይህንስ ዜና የመሰከረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በፌስቡክ፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ ዘመን ፈጽሞ የተረሳ መሆኑና፣ መረሳቱም እንደ አርሲ ያለውን ገና ብዙ ያልተጻፈለትን ሀገር፣ ራሱ ስለ ራሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሌላው ተናግሮለት እንዳይጨርስ የሚያሰጋ መሆኑ ነው።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከሀገሩ ንጉሥ መልእክተኞች ጋር ወደ ሀገራችን ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር፤ መጽሐፉ በ1540 በሊዝቦን ሲታተም፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከገለጠ በኋላ ከዚያ በላይ ቢጽፍ አንባቢ እንደማያምነው ሰግቶ ብዕሩን መግታቱ፣ የጻፈውም እውነት ስለ መሆኑ በእግዚአብሔር ስም መማሉ በመጽሐፉ ይገኛል። ያ ሰው የፈራው ዓይኑ ያየው ከሰው እምነት በላይ እንዳይሆን ነበር። የዛሬው ተመልካች ግን አስቀድሞ አምኖ የመጣበትን ነገር በቦታው መኖሩን ለማረጋገጥ ብቻ ይመለከታልና፣ የሚያየው ያመነውን ያህል ብቻ ይሆናል።

ከአልቫሬዝ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሣው ጀርመናዊ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ደግሞ ኢትዮጵያን በዓይኑ አንድ ቀን እንኳ ሳያያት በ1681 ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የጻፈው መጽሐፍ፣ በዘመኑ ሀገራችንን ረግጠው ከተመለሱት የብዙዎቹን የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በ1652 ጎታ ከሚባለው የጀርመን ከተማ ድረስ ሄደው ጥያቄውን ሁሉ በትዕግሥት የመለሱለት፣ ቋንቋውንም ያስተማሩት የመካነ ሥላሴው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ በባሕር ሰጥመው የቀሩ መሆናቸውን ባሰብሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ዳሩ ግን ሉዶልፍ የተማረው ከማን እንደ ሆነ አልደበቀምና ስማቸው ከመጽሐፉ ጋር ይኖራል። አለማየት ሉዶልፍን አልጎዳውም፤ ምስክሩ የሀገሩ ልጅ ነበርና። እንግዲህ የሩቅ ሰው ስለ እኛ መጻፉ በራሱ ነውር የሌለበት እንደ ሆነ፣ ነውሩም የሚጀምረው የሀገሬው ሰው ከምስክርነት ወንበር የተነሣ ዕለት እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የሀገሬው ምስክርነት ሲታለፍ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከአርሲ ተራሮች ራሳቸው ምሳሌ አለ። በዐሥር ሳንቲማችን ላይ ተቀርጾ የምናየው የደጋ አጋዘን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የማይገኘው ይህ ቀንደ ጠምዛዛ ፍጡር፣ እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች ላይ ተኩሶ ከጣለው በኋላ፣ በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር የተባለው የእንስሳት ሊቅ በገዳዩ ስም ሰየመው፤ በሳይንሱ መዝገብም እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያው ስም ነው። ሌሎቹ የአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች ሁሉ ከታወቁ በኋላ በመጨረሻ የተገኘ ነው ተብሎ በየመጽሐፉ ይነገርለታል። በአስታው ጫካ ውስጥ ከብቱን ሲያግድ የኖረው የአርሲ እረኛ ግን አባቱም አያቱም ያውቁት ነበር። አንድ ነገር ከታወቀ በኋላ እንደ ገና «የተገኘ» የሚባለው፣ ያወቁት ሰዎች ስላልተጠየቁ ነው። ዛሬ አንድ ወጣት ከከተማ መጥቶ በጋለማ ተራራ ላይ ቆሞ፣ ማንም የማያውቀውን ቦታ አገኘሁላችሁ እያለ በቪዲዮ ሲናገር ስሰማ፣ ከኋላው ደግሞ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ሲታዩ፣ ያ የ1908 ነገር በእኛው ልጅ አፍ ተመልሶ መምጣቱ ያሳዝነኛል።

አርሲ በዓለም ፊት ምንም ሥዕል የላትም ማለት አይደለም። አንድ ሥዕል አላት፤ እርሱም የሚሮጥ ልጅ ነው። ይህ ሥዕል በከንቱ አልመጣም፤ ከአሰላ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ከበቆጂና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ መውጣታቸው በማናቸውም ሀገር ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቅ ነው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሆነች፤ ፋጡማም በ1996 በአትላንታ ማራቶንን ከአፍሪካ ሴቶች አስቀድማ አሸነፈች። ኃይሌ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ መመላለሱ፣ ደብተሩን በክንዱ ሥር ይዞ ይሮጥ ስለ ነበረም በኋላ በውድድር ላይ የግራ ክንዱ ታጥፎ መቅረቱ፣ በዓለም ቋንቋ ሁሉ ተነግሮ ያላለቀ ታሪክ ነው፤ በ1999 ለእይታ በበቃው ፊልምም ኃይሌ ራሱን ሆኖ ተጫውቶታል።

ነገር ግን እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ለብቻው ሲቆም ሙሉ እውነት አይሆንም። ከአሰላ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ተቆረቆረችው በቆጂ የሚመጣው እንግዳ፣ አጫጭር ቪዲዮዎችን አይቶ የመጣ እንደ ሆነ፣ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አቧራ፣ ባዶ እግርና ደብተር የያዘ የሚሮጥ ልጅ። ልጁ ጫማ አድርጎ ቀስ ብሎ ሲሄድ ቢያገኘው ቅር ይለዋል፤ ለካሜራው ብሎ እንዲሮጥለት ቢጠይቀው ደግሞ ልጁ የራሱን ሕይወት ለሌላ ሰው ምኞት እንዲጫወት ተገደደ ማለት ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ስንት ዓመት ሙሉ በማለዳው ቁር ቆመው ያሠለጠኗቸው ልጆች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ስማቸው በዓለም የተሰማው ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የቀሩት ወደ እርሻው፣ ወደ ንግዱ፣ ወደ ትዳሩ ተመልሰዋል። የእነዚህ የቀሩት ታሪክ የበቆጂ ታሪክ አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የበቆጂ ዘጋቢ ፊልም የሚመሰገነው፣ ሁለት ልጃገረዶችን ከከተማቸው እስከ ሩጫ ክለቡ ድረስ በትዕግሥት ተከትሎ፣ ድሉን ብቻ ሳይሆን ድካሙንና ተስፋ መቁረጡንም ስላሳየ ነው። እንግዲህ ካሜራ እውነትን ማየት አይችልም የሚል ቢኖር ይህ ፊልም ይመልስለታል፤ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ የሚያጣው መሣሪያ ሳይሆን ጊዜ ነው።

ጊዜ ያለው እንግዳ ደግሞ በአርሲ ደጋ የሚያነበው ብዙ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ከኢተያ እስከ ሳጉሬ ድረስ የሚዘረጋው የስንዴ ማሳ ለፎቶግራፍ የሚያምር ወርቃማ ሜዳ ነው፤ ፎቶግራፉም በየገጹ ሞልቶ ይገኛል። ነገር ግን ያ ማሳ ዝም ብሎ የተዘረጋ ወርቅ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት፣ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ሥራ ማዕከሉን አሰላ ላይ አድርጎ ሲጀመር፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ የተዳቀሉ ላሞችና የገበሬ ብድር ወደዚህ ሀገር መጡ፤ በመንገዱ ዳር የሚታየው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምርም ከዚያ ዘመን ሥራ ጋር የተያያዘ ሲሆን እስከ ዛሬ የሀገሪቱ የስንዴ ዘር የሚፈተንበት ስፍራ ነው። ምርቱ ሲበዛ ግን መሬቱ ተወደደ፤ መሬቱ ሲወደድ ባለ ርስቱ ትራክተር ገዛ፤ ትራክተሩ ሲመጣ ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ከመሬቱ ተነቀለ። ለጭሰኛው ይጠቅማል ተብሎ የተጀመረው ልማት ጭሰኛውን ማፈናቀሉ በዘመኑ የነበሩትን ባለሙያዎች ራሳቸውን ያስጨነቀ ጉዳይ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅም በአርሲ የተሰማው ደስታ ከየት እንደ መጣ ይህን የማያውቅ ሰው ሊረዳው አይችልም። ዛሬ በማሳው ላይ ሽማግሌ አግኝቶ ይህ መሬት በአባትዎ ጊዜ የማን ነበረ ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የኢትዮጵያን የግማሽ ምዕት ዓመት ታሪክ ይሰማል። ማሳውን ከጀርባው አድርጎ ራሱን ፎቶ አንሥቶ የሚሄደው ግን ከወርቅ ሜዳ ፊት ቆሞ መጣሁ ከማለት በቀር የሚናገረው የለውም።

በዚህ ስፍራ አንባቢ ሊጠይቀኝ የሚችል ጥያቄ አለ። በአርሲና በባሌ የሚኖረው ሕዝብስ ቢሆን የሰማውን ዜና ተከትሎ ይጓዝ የለምን? አዎን፣ ይጓዛል። በአረፋ በዓል ሰሞን ጫፉ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ የሆነውን በትር ይዞ፣ ስለ ሼኽ ሁሴን ተአምራት የተነገረውን እየዘመረ፣ ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚሄደው ምእመን ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ዜና ይመራዋል። በጥቅምት 5ና በመጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል ለማክበር ወደ ዝቋላ የሚወጣው ክርስቲያንም፣ በዝዋይ ደሴት ወደሚገኘው ወደ ደብረ ጽዮን ማርያም በታንኳ የሚሻገረውም ገድሉንና ድርሳኑን አስቀድሞ ሰምቶ ነው። የእነዚህም ዓይን ከጉዞው በፊት የተሣለ ሥዕል አለበት። ሆኖም በተሳላሚውና በጎብኚው መካከል ታላቅ ልዩነት አለ፤ ተሳላሚው የሚመጣው ዕዳ እንዳለበት ሰው ነው፤ ስለትም ይዞ፣ ጾሞም፣ ለድኻ የሚመጸውተውን ቋጥሮም ይመጣል፤ ከቦታው የሚፈልገውን ያህል ቦታው ከእርሱ የሚፈልግበት ነገር እንዳለ ያውቃል። በስልኩ ያየውን ተከትሎ የሚመጣው ግን እንደ ገዢ ነው የሚመጣው፤ የታየውና የተገኘው ይተካከሉ እንደ ሆነ ይመዝናል፤ ቢጎድል ተታለልሁ ይላል። አስቀድሞ መስማት ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ግዴታ የሌለበት መስማት ነው።

ይህ የመመዘን ነገር በአሰላ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማሰብ ክረምቱን መመልከት ይበቃል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ጭላሎ ብዙውን ቀን በጉም ተሸፍኖ ይውላል፤ ያ ጉም ነው ምንጮቹን የሚሞላ፣ ቀታርን ወደ ዝዋይ የሚያወርድ፣ ገብሱን የሚያሳድግ። በመስከረም ፀሐይ የተነሣውን ፎቶግራፍ አይቶ በሐምሌ የመጣ ሰው ተራራውን አላየሁም ብሎ ሲያዝን ሐዘኑ ይገባኛል፤ ግን ሐዘኑን ወደ ክስ ለውጦ፣ ያሳደረችውን የአነስተኛ ሆቴል ባለቤት ወይም የመራውን ወጣት በእንግሊዝኛ ወቅሶ በድረ ገጽ ላይ ሲጽፍ፣ አንድ ኮከብ ሰጥቶም ሲሄድ፣ ፍርዱ የተፈረደባት ሴት የተጻፈውን አታነበውም፤ ብታነበውም የምትመልስበት ቋንቋ የላትም። በሀገራችን ሥርዓት ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድበትም፤ በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጡት የአርሲ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ሳያዳምጡ ቃል አይሰጡም። ኮከብ የሚቆጥረው የእንግዳ ፍርድ ግን የአንድ ወገን ፍርድ ነው፤ እንዲህ ያለው ፍርድ በአንዲት ድኻ ሴት እንጀራ ላይ ሲያርፍ ዝም ሊባል አይገባም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከአሰላ በሳጉሬ፣ በበቆጂ፣ በመራሮና በአሳሳ በኩል ወርዶ ዶዶላ የደረሰ ሰው፣ ከዶዶላና ከአዳባ በላይ ባለው ደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ በጀርመን የቴክኒክ ርዳታ የተደራጀውን የፈረስ ጉዞ ታሪክ ይሰማል። በዚያ ሥራ ዋጂብ የተባሉት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት በደኑ ውስጥ የመኖርና የመጠቀም መብት ሲያገኙ፣ በምላሹ ደኑን የመጠበቅ ኃላፊነት ወሰዱ፤ ጎብኚውም ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አደሌና ዱሮ እየተባሉ በሚጠሩት ቦታዎች ከተሠሩት የእንጨት ማደሪያዎች አንዱን ለቅቆ ወደ ሌላው በፈረስ እየተጓዘ፣ ለመሪው፣ ለባለ ፈረሱና ለማደሪያው ጠባቂ ለየብቻው ይከፍል ነበር። የዚህ ሥርዓት በጎነት ገንዘቡ ወደ ገበሬው እጅ መድረሱ ብቻ አይመስለኝም። ፈረስ ከገበሬ እርምጃ ብዙ አይፈጥንምና፣ እንግዳው የባለ ፈረሱን ስም ሳይጠይቅ፣ ጩኮና በሶ ሳይቀምስ፣ ጽዱንና ኮሶውን፣ ከፍ ሲልም አስታውንና ጅብራውን ሳይለይ ቀኑ አይመሽለትም። ያን መንገድ የሄደ ሰው ፎቶግራፍ ቢያነሣ እንኳ የሚያነሣው ስሙን የሚያውቀውን ሰው ነው።

የከፋው መንገድ ደግሞ ወዴት እንደሚያደርስ ከኦሞ ሸለቆ እንማራለን። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዴቪድ ተርተን ብዙ ዘመን በዚያ ከሚኖሩት ከሙርሲዎች ጋር የኖረ ሰው ሲሆን፣ ጎብኚዎች ለአንዲት ፎቶግራፍ ገንዘብ መክፈል ከጀመሩ በኋላ፣ ሙርሲዎቹ በዘወትር ኑሮአቸው የማያደርጉትን ጌጥና ቀለም ለእንግዳ ዓይን ብለው ማድረጋቸውን፣ በሁለቱም ወገን ምሬት መኖሩንም ጽፏል። ጎብኚው እንደ ገንዘብ ከረጢት መቆጠሩ ያስከፋዋል፤ ሙርሲውም እንደ እንስሳ መታየቱ ያስከፋዋል። እዚያ የሆነው አርሲ ላይ የማይሆንበት ምክንያት የለም። የአርሲ እናቶች ስንቄ የምትባለውን በትራቸውን ይዘው ሲቆሙ የተጣላ ይታረቃል፣ የተመዘዘ በትር ይወርዳል፤ ስንቄ የሴት ልጅ ክብርና መብት የሚጠበቅበት ሥርዓት ነው። ያችን በትር የያዘች እናት ለአንድ ቪዲዮ ብላ በገንዘብ ትቁም የሚባልበት ቀን እንዳይመጣ አሁን መናገር ይገባል፤ ሥርዓቱ ለትርኢት አንድ ጊዜ ከቆመ፣ በጠብ መካከል ሲቆም የሚፈራው አይኖርምና።

ስልኩ ያመጣውን በጎ ነገር መካድ ግን ግፍ ይሆናል። ቀድሞ ሀገር መጎብኘት የፈረንጅ ሥራ ይመስለን ነበር፤ አሁን በቴሌግራም ተጠራርተው በሳምንቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ወጥተው ተራራ የሚወጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ጎንደርንና ላሊበላን እንጂ የአርሲን ደጋ ከካርታ ለይቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ በስልኩ አይቶ መምጣቱ፣ የአርሲውም ልጅ በአፋን ኦሮሞ የሠራው ቪዲዮ በሚኒሶታ የሚኖር ዘመዱን ማስለቀሱ፣ ያለ ደላላ እንግዳ የሚያገኝ አስጎብኚ ወጣት መኖሩ፣ እነዚህ ሁሉ የሚያስደስቱ ናቸው። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የሀገራችንን የቱሪዝም ሥራ ሲመሠርቱና የ13 ወር ፀጋን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ሥዕሉን የሚሥሉትና የሚልኩት ጥቂት ሰዎች ከዋና ከተማው ሆነው ነበር፤ ዛሬ ይህ ሥልጣን በሳጉሬ ተማሪ ኪስ ውስጥ ይገኛል። ሥልጣኑ ከእጁ ከገባ እንግዲህ የሚቀረው ሥርዓቱን መማር ነው።

ለዚህ ሥርዓት አብነት የሚሆኑ ሰዎች ነበሩን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በመልእክት ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ። እርሳቸው ወደ ሰው ሀገር የሄዱት ሊማሩ ነበር፤ የጻፉትም ከተመለሱ በኋላ፣ ያዩትን ከሕዝባቸው ጥቅም ጋር አስተያይተው ነው። ከዚህ በመነሣት ወደ አርሲ የሚመጣውን እንግዳ፣ ኢትዮጵያዊም ይሁን የውጭ ሀገር ሰው፣ ጥቂት ነገር እለምነዋለሁ። ሰውን ከማንሣትህ በፊት ፈቃዱን ጠይቅ፤ ልጅ ከሆነ ወላጁን። የቦታውን ስም ከሀገሬው አፍ ሰምተህ እንደ ተነገረህ ጻፍ፤ «አንድ የሚያምር ተራራ» ብለህ አትለፈው፤ ጭላሎ፣ ጋለማ፣ በዳ፣ ካካ፣ ሁንቆሎ እየተባሉ የሚጠሩ ናቸውና። የመራህን ሰው፣ እርሱ ከፈቀደ፣ ስሙን ከሥዕሉ ጋር አኑር፤ ሉዶልፍ ያደረገው ይህን ነው። የደጋ አጋዘን ያየህ እንደ ሆነ ሥዕሉን አሳይ፣ ያየህበትን ሸጥ ግን አትግለጥ፤ በአደንና በእርሻ መስፋፋት ከተመናመነው መንጋ ላይ የሰው ጭፍራ መጨመር መግደል ነውና። የተነሣውንም ሁሉ እዚያው ቆመህ ለመለጠፍ አትቸኩል፤ ቀኑን አየው፣ ማታ ከሰው ጋር ተጫወት፣ ቤትህ ስትገባ ጻፍ።

ዋናው ሥራ ግን የእንግዳው አይደለም። አሰላ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ የታሪክ፣ የቋንቋ፣ የእንስሳትና የዕፀዋት ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን በውስጧ ይኖራሉ። የካዱን ዘመን በዓይናቸው ያዩ፣ ጭሰኛ የነበሩ፣ ከስዊድኖቹ ጋር የሠሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እያለፉብን ነው፤ ከእነርሱም ጋር የየምንጩና የየኮረብታው ስም፣ የየጎሣው የትውልድ ቆጠራ፣ የፈረስ አያያዙና የእፅ መድኃኒቱ ያልፋል። ይህ ሁሉ በአፋን ኦሮሞ ተቀድቶ፣ በአማርኛም ተጽፎ፣ ከዚያም በኋላ በሌላው ቋንቋ ተመልሶ፣ ማንም ሰው ስለ አርሲ በስልኩ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚያገኘው ምስክርነት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ንዋይ ሳይሆን ጥቂት መቅጃ፣ ጥቂት ነዳጅና የሚሰሙ ተማሪዎች ናቸው። የአርሲ ዞን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለየቀበሌው አስጎብኚ ወጣቶችን አሠልጥኖ ይህን ዕውቀት ቢያስይዛቸው፣ የስንቄና የጸሎት ሥርዓቶች ያለ ፈቃድ እንዳይቀረጹ ደንብ ቢያወጣ፣ ለባለ ፈረሱና ለማደሪያው ባለቤት የሚከፈለውንም ዋጋ ቢወስን፣ አርሲ እንግዳዋን በራሷ ቃል ትቀበላለች። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የበቆጂና የአሳሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርእሰ መምህራን፣ የዞኑም ሹማምንት ይህን ሥራ ለሚመጣው መስከረም ሳያሳልፉ እንዲጀምሩት፣ ሽማግሌዎቹም ሳይሰለቹ እንዲናገሩላቸው በአክብሮት እለምናለሁ።